በሃያ ዶላር በገና ይሰማል?

በገና ርካሽ ማዳመጫን አይምርም። አሥሩ አውታሮች ከታች ሆነው ይጎረንናሉ፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትሸጎጠው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራዋ፣ ያንን የታወቀ ንዝረት ትጨምርበታለች፤ የደርዳሪው ድምፅ ደግሞ ከሹክሹክታ ብዙም አይርቅም። ማዳመጫው ቤዝ ካበዛ ንዝረቱ ተድበስብሶ ጉምጉምታ ብቻ ይቀራል። ቤዝ ካነሰው በገናው ክራር ክራር ይላል።

ሦስት ርካሽ ማዳመጫዎችን ለመመዘን ስቀመጥ ከአንጋፋው በገና ደርዳሪ ከዓለሙ አጋ የጀመርኩት ለዚህ ነው። በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ከሚታወቀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 11ኛው ቅጽ የእሳቸው በገና ነው። ቀጥሎ 4ኛውን ቅጽ ከፈትኩ፤ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 የሠሯቸው ኢትዮ ጃዞች። በበገናው የታችኛውን ድምፅ፣ በጃዙ ደግሞ የትንፋሽ መሣሪያውንና ቤዝ ጊታሩን ለያይተው ማሰማት መቻላቸውን ፈተንኩ።

ከተፈታኞቹ ሁለቱ ጆሮ ውስጥ የሚገቡ የቻይና ሥራዎች ናቸው፤ ሙንድሮፕ ቹ 2 እና ሰቨን ኸርትዝ ሳልኖትስ ዜሮ። እያንዳንዳቸው ሃያ ዶላር ገደማ ያወጣሉ። ሦስተኛው የአሜሪካው ኮስ ፖርታ ፕሮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ገበያ ላይ ውሎ እስከ ዛሬ ያው መልኩን ይዞ የሚሸጥ፣ ጆሮ ላይ የሚያርፍ ሽማግሌ። ዋጋው ሃምሳ ዶላር አካባቢ ነው።

ቹ 2 ከበገናው ጋር ወዲያው ተግባባ። ዝቅተኛው አውታር ሲመታ ድምፁ ወፈር ብሎ ይመጣል፤ የእንዝራዋ ንዝረትም ከላዩ ላይ ተለይቶ ይሰማል። ወደ ጃዙ ስሻገር ቤዝ ጊታሩ ደልደል አለ፤ ጽናጽሉ ግን አልፎ አልፎ ሹል ሆነብኝ። የዚህ ማዳመጫ ትልቁ መሻሻል ያለው ደግሞ ከድምፁ ይልቅ በገመዱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የመጀመሪያው ቹ ገመዱ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ነበር፤ በ2023 የመጣው ቹ 2 ግን ገመዱ ይነቀላል።

ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ኢርፎን በእጁ ሞቶበት ለማያውቅ ሰው ነው። ከዓመታት በፊት ከአዟሪ የገዛሁት ኢርፎን ካርቶኑ ላይ ትልቅ ስም ታትሞበት ነበር፤ ፎርጅድ መሆኑን ያወቅሁት ሁለት ወር ሳይሞላው በአንድ ጆሮ ብቻ መስማት ሲጀምር ነው። ከዚያ በኋላ ገመዱን ከመሰኪያው አጠገብ አጠፍ አድርጌ፣ በፕላስተር ጠምጥሜ፣ ስልኩን በኪሴ ሳላንቀሳቅስ ነበር የማዳምጠው። ስፒከሮቹ ደህና ነበሩ። የሞተው ገመዱ ነው። ገመዱ የሚነቀል ቢሆን ኖሮ በጥቂት ብር ይድን ነበር።

ሳልኖትስ ዜሮም ገመዱ ይነቀላል። ድምፁ ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ቤዙ ቆጠብ፣ የሰው ድምፅና ከሱ በላይ ያለው ደግሞ ጠራ ይላል። የዓለሙ አጋ ሹክሹክታ ፊደል በፊደል የተሰማኝ በዚህ ነው፤ በገናው ግን ትንሽ ከሳ። በሙላቱ ሥራዎች ላይ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ፊት ለፊት ወጡ፤ ቤዙ ከኋላ ቀረ። ግጥም እየተከታተለ ለሚያዳምጥ ይህ ጉድለት አይሆንበትም። ከበሮ ለሚወድ ግን ይጎድለዋል።

ሽማግሌው ፖርታ ፕሮ ቤት ውስጥ፣ ማታ፣ ሁለቱንም ያስንቃል። ጀርባው ክፍት ስለሆነ ሙዚቃው ራስ ውስጥ ታፍኖ አይቀርም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ይመስላል። ትሬብሉ ለስለስ ያለ በመሆኑ የድሮ ቅጂዎችን ሽክሽክታም ይሸፍናል። ታክሲ ውስጥ ይዤው ስገባ ግን ጉዱ ወጣ። የሞተሩና የረዳቱ ጩኸት ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ የእኔም ሙዚቃ ለጎረቤቴ ይደርሳል። ሳላውቀው ድምፁን ከፍ፣ አሁንም ከፍ አደረግሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ ከዚያ ሲጨምር የሚፈቀደው ሰዓት በፍጥነት ያጥራል። ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ሁለቱ ጫጫታውን ስለሚከለክሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመስማት ያስችላሉ።

ስለ ስልኩም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። አይፎን 7 እ.ኤ.አ. በ2016 የኢርፎን ቀዳዳውን ከተወ ወዲህ ብዙ ውድ ስልኮች ተከትለውታል፤ በእኛ አገር ከተለመዱት ርካሽ ስልኮች ግን ብዙዎቹ ቀዳዳቸውን እንደያዙ ናቸው። ለሌለው፣ አፕል በ9 ዶላር የሚሸጠው የታይፕ ሲ መቀየሪያ እነዚህን ማዳመጫዎች ያስኬዳል። በአውሮፓ የሚሸጠው ግን ጉልበቱ ከአሜሪካው ያነሰ ስለሆነ፣ በሰው ስታስመጡ ከየት እንደሚገዛው ጠይቁ። ከዚያ በላይ ለአምፕሊፋየር ማውጣት ለነዚህ ሦስቱ ብክነት ነው።

ብሉቱዝስ? ምቾቱን አልክድም። ነገር ግን ከምትከፍሉት ሃያ ዶላር ላይ ባትሪው፣ ቺፑና መያዣ ሳጥኑ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ለድምፁ የሚተርፈው ያው የቀረው ነው። ባትሪው ደግሞ በጥቂት ዓመት ይደክማል፤ ሲደክም መቀየሩ ከባድ ስለሆነ ማዳመጫውም አብሮ ይጣላል።

ፍርዴ ይህ ነው። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ቹ 2ን ይግዛ፤ በገናውን ያላሳነሰው እሱ ነው። ከዜማው በፊት ቃሉን የሚሰማ ሳልኖትስ ዜሮን ይምረጥ። ፖርታ ፕሮ የቤት ነው፤ መንገድ ላይ አይውጣ።

አንድ ምክር ልጨምር። ቹ 2ን መጀመሪያ ጆሮዬ ውስጥ ስከተው በገናው ቀጭን ሆኖብኝ ልነቅፈው ብዕር አንስቼ ነበር። ጥፋቱ የጎማው ነበር። መካከለኛው ጎማ ለጆሮዬ አንሶ ቤዙ በክፍተቱ ሾልኮ ይወጣል፤ ትልቁን ስቀይር ያ ሁሉ ጉርናኔ ተመልሶ መጣ። ግራና ቀኝ ጆሯችን እንኳ እኩል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ኢርፎናችሁ ቤዝ የለውም ብላችሁ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ካርቶኑ ውስጥ የቀሩትን ጎማዎች አውጥታችሁ ሞክሩ።