ቁጭ ብሎ ማየት

«ቁጭ ብለህ ምን ታደርጋለህ?» ትለኛለች ታላቅ እህቴ፤ ሥራ ፈትነት ይመስላታል። መልሴ አጭር ነው፦ ሆዴን አያለሁ። እስትንፋስ ሲገባ ሆድ ይነሳል፣ ሲወጣ ይወርዳል። ሲነሳ በልቤ «ተነሳ» እላለሁ፣ ሲወርድ «ወረደ»። በመሃል ድምፅ ከመጣ «መስማት»፣ ሐሳብ ከመጣ «ማሰብ»፣ ካሳከከኝም «ማሳከክ» ብዬ ወደ ሆዴ እመለሳለሁ። ስም ጠርቶ ማለፍ ነው እንጂ ትንታኔ የለውም። ሜዲቴሽንን በዚህ መልክ ያስፋፉት የበርማው መነኩሴ ማሃሲ ሳያዶ (ከ1904 እስከ 1982 እ.ኤ.አ.) ናቸው። ያንጎን በሚገኘው ማዕከላቸው መነኩሴው ብቻ ሳይሆን ነጋዴውም የቢሮ ሠራተኛውም ገብቶ አንድ ሰዓት ይቀመጣል፤ አንድ ሰዓት ደግሞ እግሩን እያጤነ በዝግታ ይራመዳል፤ ቀኑ በዚሁ ያልፋል።

የእህቴ ሁለተኛ ጥያቄ «ሃይማኖት ቀየርክ ወይ?» ነው። አልቀየርኩም። ደግሞስ የቡድሃ ታሪክ ለእኛ አገር መች አዲስ ሆነ? እጨጌ ዕንባቆም በ1553 ለአፄ ገላውዴዎስ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የበረላምና የይዋሴፍ መጽሐፍ ቤተ መንግሥቱን ትቶ ስለመነነ የሕንድ ልዑል ይተርካል። ልዑሉ እኛ ዘንድ ሲደርስ ክርስቲያን ሆኗል፤ የታሪኩ ሥር ግን የቡድሃ ሕይወት ነው።

ቁጭ ብሎ ማየትን ሙያ የምለው የራሱ የሆነ የሥራ ደንብ ስላለው ነው። በማሃሲ ሥርዓት ተለማማጁ በየጊዜው አስተማሪው ፊት ቀርቦ ያየውን ይናገራል፤ ያየውን ብቻ። «ሁሉም ነገር አላፊ መሆኑ ገባኝ» ካለ ይቋረጣል። ሆድህ ሲነሳ ምን ነበር? መወጠር ነው ወይስ መገፋት? መሃል ላይ ቆመ ወይስ እስከ ጫፍ ሄደ? ስሙን የጠራኸው እየሆነ ሳለ ነው ወይስ ካለፈ በኋላ? እንዲህ ተጠይቀው የማያውቁ ሰዎች ስለ አእምሮ ሲከራከሩ ስሰማ፣ ብዙ ጊዜ የሚከራከሩት ስላነበቡት አእምሮ እንጂ ስላዩት አይደለም።

የጉልበት ሕመምን እንውሰድ። ቆይቶ ቆይቶ ቀኝ ጉልበት ይጀምራል። ከሩቅ ሲታይ አንድ ነገር ነው፤ «ጉልበቴን አመመኝ» ይባልና ያልቃል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን አንድ አይደለም። ሙቀት አለ። ከሙቀቱ ሥር የሚጫን ነገር አለ። ከዚያ መሃል ውጋት ይነሳል፤ ይወጋል፣ ይጠፋል፣ ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን ሄዶ ደግሞ ይወጋል። ከእነዚህ ሁሉ የተለየ «ደስ አይልም» የሚል ነገር አለ፤ እሱ ሙቀቱም አይደለም፣ ውጋቱም አይደለም። ቀጥሎ እግርን ለማንቀሳቀስ የሚገፋ ፍላጎት ይመጣል፤ ጡንቻው ገና ሳይነካ። በመጨረሻ ወሬው ይከተላል፦ ጉልበቴ ተበላሸ፣ ዕድሜዬ ገፋ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነበረብኝ። ቡድሃ ሰውን የከፈለበት አምስት ክምር (አካል፣ ስሜት፣ መለየት፣ የፈቃድ ግፊት፣ ንቃት) ወረቀት ላይ ሲነበብ ደረቅ ዝርዝር ነው። ጉልበት ላይ ግን ሥራ አለው፤ የቱን ከየቱ ለይቼ ልይ ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል። «ደስ አይልም» እና «እግሬን ላንቀሳቅስ» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያየ ሰው፣ መሃላቸው ላይ ጥቂት ጊዜ ያገኛል። ከዚህ ሙያ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

«እኔ» የሚባለውስ የት አለ? መነኩሴው ናጋሴና ሰሜን ምዕራብ ሕንድን በገዛው የግሪክ ንጉሥ በሚሊንዳ ፊት የተጠየቀውን በሠረገላ መልሷል፤ መንኮራኩሩ ሠረገላው ነው? ዘንጉ ነው? ቀንበሩ ነው? ሁሉም አይደሉም፤ ተገጣጥመው ሲገኙ ግን ሠረገላ እንላቸዋለን። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1739፣ ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም ወደ ውስጡ በተመለከተ ቁጥር ሙቀት ወይም ብርድ፣ ፍቅር ወይም ጥላቻ ብቻ እንደሚያገኝና ራሱን የሚለው ነገር ተነጥሎ እንዳልተገኘለት ጻፈ። ሂዩም መጽሐፉን ላ ፍሌሽ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ሲያዘጋጅ፣ በዚያው ኮሌጅ ወደ ሲያም ሄዶ የነበረ አንድ አዛውንት ኢየሱሳዊ ይኖር ነበርና የቡድሃን ትምህርት ከእሱ ሰምቶ ይሆናል የሚሉ ምሁራን አሉ። እኔ ወደ ውስጡ በቅንነት ያየ ሰው ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል ባይ ነኝ። የሚለያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ሂዩም ነገሩ ሲከብደው ተነስቶ እራቱን በላ፣ ከወዳጆቹ ጋር ባክጋሞን ተጫወተ። ናጋሴና ቢሆን እዚያው ቁጭ በል ይል ነበር።

የሙያው ከባዱ ቦታ ተመልካቹ ነው። አንድ ሰው የተናገረኝ ትዝ ይለኝና ቁጣ ይነሳል። «ቁጣ» ብዬ ስጠራው ቁጣው ሄዷል፤ የቀረኝ መንጋጋዬ ላይ የተጣበቀ ውጥረት ነው። ታዲያ ያየሁት ቁጣን ነው ወይስ የቁጣን ትዝታ? ዊሊያም ጄምስ በ1890 ባሳተመው የሥነ ልቦና መጽሐፉ ይህን ዓይነቱን ሙከራ፣ ጨለማ ምን እንደሚመስል ለማየት ቶሎ ብሎ መብራት ከማብራት ጋር አመሳስሎታል። ሕንዶቹ ግን ቀድመው ተከራክረውበታል። የቡድሂስት ፈላስፋው ዲግናጋ እያንዳንዱ ንቃት ሌላውን ሲያውቅ ራሱንም አብሮ ያውቃል አለ። በ8ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሻንቲዴቫ ደግሞ ሰይፍ ራሱን አይቆርጥም ሲል ተቃወመ። ከመቀመጫዬ ሆኜ ስፈርድ ለሻንቲዴቫ አደላለሁ፤ የማየውን ነገር የማውቀው ሁልጊዜ በሚቀጥለው ቅጽበት ነው። ዲግናጋን ግን መጣል አልችልም፤ የሚቀጥለው ቅጽበት ያለፈውን የሚያስታውሰው ያለፈው ራሱን በሆነ መንገድ ካወቀ ነው ይላልና።

እዚህ ላይ ብዙ የሜዲቴሽን ሰዎች የማይወዱትን ነገር ልናገር። መቀመጥ ክርክር አይፈታም። ቢፈታ ኖሮ ቡድሂስቶች እርስ በርስ አይጣሉም ነበር። ቫሱባንዱና አሳንጋ ከሚታየው ንቃት ሥር የሥራችንን ዘር የሚያኖር ስምንተኛ ንቃት፣ እንደ ጎተራ ያለ፣ አለ ብለዋል፤ የደቡብ ቡድሂስቶች ይህን አይቀበሉም። እነሱም በበኩላቸው በዓይን የታየ አንድ ነገር እስኪያልፍ ድረስ 17 የአእምሮ ቅጽበት ይፈጃል ብለው በቅደም ተከተል ይቆጥራሉ። እኔ 17 ቆጥሬ አላውቅም፤ ቆጠርኩ የሚል ቢመጣም አላምነውም፤ ይህ ከመጽሐፍ የመጣ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የሂንዱው ፈላስፋ የሻንካራ ተከታዮች ጉዳይ ነው። እነሱም ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ የሚያገኙት ግን የማይለወጥ ዘላለማዊ ምስክርን፣ እውነተኛውን «እኔ» ነው። ዝምታው ያው ነው፤ ፍርዱ ተቃራኒ ነው። ታዲያ ለማየት የተቀመጠው ሰው አስተማሪው ፈልግ ያለውን የማያገኝበት ምን ምክንያት አለ?

ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ በ1995 ከባዱ ጥያቄ ያለው ደግሞ ሌላ ነው፦ የአንጎል ሥራ ሁሉ ቢታወቅ እንኳ ያ ሥራ ለምን ለሰውየው የሚሰማው ይሆናል? የጉልበቴን ሙቀት የቱንም ያህል ጠጋ ብዬ ባየው፣ ለምን እንደሚሰማኝ አይነግረኝም። ማሽንም አልነገረንም። በ2004 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ10,000 እስከ 50,000 ሰዓት ሜዲቴሽን ያደረጉ ስምንት ሰዎችን መርምረው፣ ጋማ የሚባለው የአንጎል ሞገድ ከጀማሪዎቹ እጅግ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። የተለየ አንጎል መሆኑ ታወቀ፤ በዚያ ሰዓት ለሰውየው ምን እንደሚመስለው ግን አሁንም እሱን መጠየቅ ነው።

መጠየቁ ላይ ነው እንግዲህ ሥራው ያለው። ለሚጀምሩ ሰዎች መጽሐፉን አቆዩት እላለሁ፤ አይሰሙኝም። በቅርቡ አንድ ወጣት፣ አንባቢ ልጅ ነው፣ ከተቀመጠበት ተነስቶ «ጋሼ፣ ዛሬ ባዶነትን አየሁ» አለኝ።

«ጎሽ። የት ጋ ነው ያየኸው?»

ትንሽ አሰበ። «እዚህ» አለና ደረቱን ነካ። «ቀለል አለኝ። እስትንፋሴም አጠረ።»

«መቅለሉ ነው የቀደመው ወይስ ማጠሩ?»

እሱን አላስተዋለም። ነገ አይቶ እንዲነግረኝ ላክሁት።