መሣሪያው ወስኗል፤ ጀማሪውስ ምን ተማረ?

በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ከትግራይ ያሰደዳቸው ወገኖቻችን በምሥራቅ ሱዳን፣ ከገዳሪፍ በስተምዕራብ በምትገኘው በፋው ሰፍረው ነበር። በዚያ ዘመን በስደተኞች ሰፈር የተጎዱትን ሕፃናት የሚለየው ብዙውን ጊዜ ጀማሪ ጤና ረዳት ነበር። ሕፃኑን ይመዝናል፣ ቁመቱን ይለካል፣ ሠንጠረዥ ያያል። ክብደቱ ለቁመቱ ከሚጠበቀው ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ተጨማሪ ምግብ ይታዘዝለታል። ዛሬ ይህን ስሌት ኮምፒዩተር በቅጽበት ያወጣዋል።

ለመሆኑ ጀማሪው ከዚህ ምን ይማራል? እግሩ ያበጠ ሕፃን መጣ እንበል። በሰውነቱ የተጠራቀመው ውሃ ክብደቱን ስለሚጨምር ቁጥሩ «ደኅና ነው» ሊል ይችላል፤ ሕፃኑ ግን በብርቱ ተጎድቷል። ሁለቱንም እግሮች በአውራ ጣቱ ተጭኖ፣ የጣቱ ምልክት ጎድጉዶ መቅረቱን የሚያይ ረዳት ይደርስለታል። የዛሬው መመሪያ እብጠት መኖሩ ለብቻው እንዲመዘገብ ያዛል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ምክንያቱ ያልገባው ሠራተኛ ሰልፉ ሲረዝምበት «የለም» ብሎ ያልፈዋል።

ይኸው ችግር በአሜሪካ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እነኤድዋርድ ሾርትሊፍ ስለ ደም ኢንፌክሽን ሐኪሞችን የሚያማክር «ማይሲን» የተባለ ፕሮግራም ሠሩ። ዊልያም ክላንሲ ደግሞ በዚያው ፕሮግራም ሕጎች የሕክምና ተማሪዎችን ለማስተማር «ጋይደን»ን አዘጋጀ። ከሕጎቹ አንዱ ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቴትራሳይክሊን አይሰጥም ይላል። ለምን? መድኃኒቱ በማደግ ላይ ያለ ጥርስ ስለሚያበልዝ ነው። ይህ ምክንያት ግን በሕጉ ውስጥ አልተጻፈም፤ ማይሲን ሲጠየቅ የሚያሳየው ያንኑ ሕግ ነው። ለመወሰን የበቃው ሕግ ለማስተማር አልበቃም። ክላንሲ ይህን ጉድለት እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ጽሑፍ በግልጽ አስረድቷል፤ የገዛ ሥራውን እንዲህ የሚተች ብዙ አላየንም።

ጋይደንን ግን ሙሉ በሙሉ አንነቅፍም። ተማሪው አስቀድሞ በሽተኛውን ራሱ እንዲመረምርና ግምቱን እንዲናገር፣ ከዚያም ከማይሲን ጋር እንዲነጻጸር ያደርግ ነበር። ይህ ለእኛም ክፍል የሚሆን ዘዴ ነው፤ ኮምፒዩተር እንኳ አያስፈልገውም። ቁመታቸውና ክብደታቸው እኩል የሆነ፣ የአንደኛው እግር ያበጠ ሁለት ሕፃናትን በሰሌዳ ላይ እንጻፍ። ተማሪዎቻችን ማን ቀድሞ መታከም እንዳለበትና ምክንያቱን በደብተራቸው ያስፍሩ። ሠንጠረዡን የምናሳያቸው ከዚያ በኋላ ነው።