ድምፅ ዐይንን ሲመራ፤ ስለ ምናባዊ እውነታ ፊልም የቀረበ ሂስ

በተራው ሲኒማ ተመልካቹ የሚያየው አዘጋጁ በአራት ማዕዘን የከለለለትን ብቻ ነው። ከራስ ላይ በሚጠለቅ መነጽር በሚታየው የምናባዊ እውነታ ፊልም ግን ይህ ክልል የለም፤ ተመልካቹ ፊቱን ወደ ወደደው ያዞራልና ዋናው ነገር ከጀርባው ሊያልፍ ይችላል። ዐይን የፊቱን ብቻ ሲያይ ጆሮ ዙሪያውን ስለሚሰማ፣ የመሪነቱ ሥራ ለድምፅ ተሰጥቷል።

ዘዴው ከሰው ተፈጥሮ የተቀዳ ነው። ከጎን የመጣ ድምፅ ለአንደኛው ጆሮ ከአንድ ሺሕኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ቀድሞ ይደርሳል፤ ጐላ ብሎም ይሰማል። መሣሪያው ይህንኑ ልዩነት አስመስሎ ይሠራል፤ ተመልካቹ ራሱን ሲያዞርም ድምፁ በነበረበት ቦታ እንዲጸና ያደርጋል።

የዚህን ጥበብ ኀይል ካሳዩት ሥራዎች አንዱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 የወጣው «ኖትስ ኦን ብላይንድነስ፤ ኢንቱ ዳርክነስ» ነው። መሠረቱ፣ የዐይናቸውን ብርሃን ያጡት የሃይማኖት ትምህርት ምሁር ጆን ሀል ከ1983 ጀምሮ በካሴት የቀዱት ማስታወሻ ነው። በዚያ ፊልም ዝናብ የነካው ነገር ሁሉ በድምፁ ቅርጽ ያገኛል። ሆኖም ሥራው ፈተናውን አቅልሎታል፤ ሥዕሉ በአብዛኛው ጨለማ ስለ ሆነ ዐይን ከጆሮ ጋር አይሻማም። ብርሃንና ሕዝብ በሞላበት ስፍራስ?

ለዚህ መልሱ በወሎ ይገኛል። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ የጭነት መኪና ከመታየቱ በፊት ከመታጠፊያው ማዶ ይሰማል፤ እግረኛውም ዘወር ብሎ ዳሩን ይይዛል። በሐድራም መንዙማ ሲባል አውራጁ ያወጣል፤ በዙሪያው የተቀመጡት ተቀባዮች ይመልሳሉ፤ ድቤው ያጅባል። እንግዳ ሰው እንኳ ማንም ሳያመለክተው ፊቱን በየተራ ወደ አውራጁና ወደ ተቀባዮቹ ያዞራል።

እንዲህ ያለውን ሥርዐት በአንድ ማይክሮፎን ቀድቶ ለሁለቱም ጆሮ እኩል ማሰማት ዜማውን አትርፎ ጉባኤውን ማጥፋት ነው። ማን ለማን፣ ከየት ሆኖ እንደ መለሰ ራሱ ማስረጃ ነውና ለባህል ጥናት ጉዳቱ የባሰ ይሆናል። በአንጻሩም ተመልካቹን ለማዞር ሲባል በስፍራው ያልነበረ ድምፅ ከጀርባው መጨመር ሐሰት ነው። ስለዚህ በወሎ የሚቀረጽ ፊልም ድምፁን ከየቦታው ይቅዳ፤ ከሥዕሉም አስቀድሞ ያሰማ፤ ከዚያ በኋላ የተመልካቹን ጆሮ ይመን።