«የሚምታቱ ቃላት» ዝርዝር የማንን ስሕተት ያርማል?

በእንግሊዝኛ መልመጃዎቻችን «ዘወትር የሚምታቱ ቃላት» በሚል ርእስ የሚቀርበው ዝርዝር ከመጽሐፍ መጽሐፍ እምብዛም አይለያይም። ርእሰ መምህር የሆነው «ፕሪንሲፕል» መርሕ ከሆነው «ፕሪንሲፕል» ጋር፣ የማይንቀሳቀስ የሆነው «ስቴሽነሪ» የጽሕፈት መሣሪያ ከሆነው «ስቴሽነሪ» ጋር ተጣምረው ይሰለፋሉ። በፊደላችን ሲጻፉ ልዩነታቸው መጥፋቱ ራሱ የችግሩን ባሕርይ ያሳያል፤ ድምፃቸው አንድ፣ ሆሄያቸው ልዩ ነው።

ይህ ቋንቋውን ከእናቱ አፍ ሰምቶ ፊደሉን በኋላ የተማረ ሰው የሚፈጽመው ስሕተት ነው። ሄንሪ ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳተመው የታወቀ የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላትም ይህን ለመሰለው አንባቢ የተሰናዳ ነው። በኛም ቋንቋ በንጉሡ «ሠ» የሚጻፈውን የፀሐይ መውጣት «ሠረቀ»፣ በእሳቱ «ሰ» ከሚጻፈው የሌብነት «ሰረቀ» ጋር በጽሕፈት የሚያምታታ ብዙ ነው፤ ፀሐይን ግን ሌባ የሚያደርጋት የለም።

አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ የእንግሊዝኛን ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚተዋወቀው በጽሑፍ ነው። የሚቸገረውም አማርኛው በአንድ ቃል የያዘውን እንግሊዝኛው ለሁለት ሲከፍልበት ነው። «አስታወሰ» ስንል ራሱ ያሰበውንም ሌላውን ያሳሰበውንም እንጠራለን፤ እንግሊዝኛው ግን ለመጀመሪያው «ሪሜምበር»፣ ለሁለተኛው «ሪማይንድ» ይላል። «አሸነፈ»ም እንዲሁ ነው፤ ጨዋታውን ወይም ሽልማቱን ሲሆን «ዊን»፣ ተጋጣሚውን ሲሆን «ቢት»። አንዳንዴም አከፋፈሉ ይገለበጣል። እኛ ገንዘብና እህል እንበደራለን፣ መጽሐፍና ምጣድ እንዋሳለን፤ እንግሊዝኛው ለሁሉም «ቦሮው» ይበቃዋል። ስለዚህ ቃሉን «ተበደረ» ብሎ ብቻ የሚፈታ መጽሐፍ ተማሪውን ከግማሹ አገልግሎት ይከለክለዋል። (ለኦሮምኛ ወይም ለሶማልኛ ተናጋሪው ዝርዝሩ ሌላ ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።)

ጉዳቱ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይወሰንም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። በዕለት ንግግራችን «ሂት»ም «ቴምፐሬቸር»ም «ሙቀት» ናቸው፤ በፊዚክስ ግን አንዱ በጁል፣ ሌላው በዲግሪ ይለካል። ተማሪው ሲሳሳት መምህሩ ፊዚክስ አልገባውም ብሎ ይመዘግባል።

የመልመጃው አቀራረብም ያው ነው። ሁለቱ ቃላት በቅንፍ ጎን ለጎን ተቀምጠው «ትክክለኛውን ምረጥ» ይባላል፤ ጨርሶ ያላወቀውም በግምት ወደ ግማሽ የሚጠጋ ማርክ ያገኛል። ይልቁንም «ሪማይንድ» ሰው እንዲከተለው የሚሻ መሆኑን በዓረፍተ ነገር አስለምዶ፣ «ሪሜምበር»ን ከሳምንታት በኋላ ለብቻው ማምጣት የተሻለ ይመስለኛል። የጥንዶቹም ምርጫ ከተማሪዎች የድርሰት ደብተር ቢለቀም ብዙ ድካም አይጠይቅም፤ አንድ መምህር በአንድ መንፈቅ የሚያርመው ይበቃል።

እኔም በመምህርነቴ ዘመን ያንኑ ዝርዝር በሰሌዳ ጽፌ ለዓመታት አስገልብጫለሁ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ከዝርዝሩ ውጭ «ስቴሽነሪ»ን ተሳስቶ የጻፈ ተማሪ አላጋጠመኝም፤ ቃሉን የሚጽፍበት ጉዳይ አልነበረውምና። የእግር ኳስ ውድድር በተደረገ ማግስት ግን «ዊ ዎን ዜም» የሚል ድርሰት ሳላርም የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም።