በአንድ ሸራ ላይ

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት በሚገባው አስፋልት ላይ አህያ መኪና ሲመጣባት ንቅንቅ አትልም። ፍየል ትፈረጥጣለች፤ ውሻ እየጮኸ ጎማ ይከተላል። አንድ ጨዋታ ምክንያቱን ይነግረናል፦ ሦስቱ ታክሲ ተሳፍረው አህያ ሂሳቧን ከፍላ ወረደች፣ ፍየል ሳትከፍል አመለጠች፣ ውሻ ግን መልሱን ሳይቀበል መኪናው ጥሎት ሄደ።

አዲስ አበባ ተወልዶ ኒው ዮርክ የሚኖረው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ ይህንኑ ጨዋታ በ2011 እ.ኤ.አ. «ሂሳብ» በሚል አኒሜሽን ሠራው። የእጁን ሥራ ከልብ አደንቃለሁ።

የድሮ አኒሜሽን ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ሴል የሚባለውን ብርሃን አሳላፊ ገጽ ነው። መስመሩ ከፊት በቀለም ብዕር ይወጣል፣ ቀለሙ ከጀርባ ይሞላል፤ ስለዚህ የብሩሹ ዱካ ከፊት አይታይም። የ1937ቱ «ስኖው ዋይት» ፊልም ሴሎች ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳን ፍራንሲስኮው ኩርቩዋዚየር ጋለሪ በኩል ለገበያ ቀርበዋል። ዛሬ ብርቅ ናቸው።

ዕዝራ ግን የሚሠራው በአንድ ሸራ ላይ ነው። ይሥላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በላዩ ደግሞ ይሥላል። ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ቢፈልግ ለአንድ ደቂቃ 720 ይሆናል፤ እያንዳንዱም ለቀጣዩ ቦታ ለቅቆ ከሥሩ ይቀበራል። የጆሃንስበርጉ ዊልያም ኬንትሪጅም በከሰል እየሣለ እየፋቀ ይሠራል፤ እሱ ግን ለየትዕይንቱ ሌላ ወረቀት ስለሚይዝ ከአንድ ፊልም በርከት ያሉ ሥዕሎች ይተርፉታል።

ጥበቡ ያለው በመሸፈኑ ላይ ነው። ፍየሏ አንድ እርምጃ እንድትሮጥ የቆመችበት ቦታ ተመልሶ መንገድ መሆን አለበት፤ የመንገዱም ቀለም እንደገና ተበጥብጦ ከጎረቤቱ ጋር መግጠም አለበት። መቼም ፍጹም አይገጥምም። ያ ጥቂት ልዩነት ነው መሬቱን የሚያርገበግበው፣ ያለፈውን እንቅስቃሴ ጥላ የሚያስቀረው። ኮምፒውተር ይህን ቢያጠራው ኖሮ ፊልሙ ነፍሱን ባጣ ነበር፤ ይህን ስል አልጠራጠርም።

እንዲህ ባለ አሠራር ያለቀ ሸራ ያገኘ ሰብሳቢ ፊት ለፊት ብቻ ቆሞ አይየው። መብራቱን ከጎን ያብራ። ሰማዩ ስስ ሆኖ፣ ብዙ ሩጫ የነበረበት ቦታ በቀለም ድርብርብ አብጦ ያገኘዋል፤ ዋጋውን ሲተምን ከላይኛው ሥዕል ይልቅ ያንን እብጠት ይቁጠር።