«ጭራቅ» ወይስ «ካሙይ»፤ ስለ አኮሮካሙይ አተረጓጐም የቀረበ ሒስ

ሚሲዮናዊው ጆን ባቸለር በ1901 እ.ኤ.አ. ስለ አይኑ ሕዝብና ስለ ተረቱ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ አጭር ታሪክ ይገኛል። ሦስት ሰዎች ሰይፍ ዓሣ ለመያዝ ወጥተው ሳሉ፥ ዓይኑ የፈጠጠ፥ አካሉ ክብ የኾነ ግዙፍ ፍጡር ታንኳቸውን ገጠመ፤ ሽታው የከፋ ጥቁር ፈሳሽም ረጨ። ሰዎቹ የሸሸነው ከፍርሃት ይልቅ ስለ ሽታው ነው አሉ፤ ነገር ግን በማግሥቱ እህል አንቀምስም ብለው፥ ገርጥተውና እየተንቀጠቀጡ ከመኝታቸው ሳይነሡ ቀሩ። ደራሲው ይህን ፍጡር የባሕር ጭራቅ ይለዋል።

ባቸለር በሆካይዶ ብዙ ዘመን የኖረና የአይኑን መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ ሰው ስለ ኾነ፥ ድካሙን ማቃለል አይገባም። ይሁን እንጂ «ጭራቅ» የሚለው ስም ምስክሮቹን ያሳንሳል። በኡቺዉራ ባሕረ ሰላጤ ትውፊት እንዲህ ያለው ፍጡር አኮሮካሙይ ይባላል፤ «አት» ገመድ፥ «ኮር» ያለው ማለት ስለ ኾነ፥ ትርጓሜው «ባለ ገመዱ ካሙይ» ነው። ስሙን ያወጣው ሕዝብ የኦክቶፐስን ረዣዥም ክንዶች አስተውሎ አይቷል፤ የተረጨው ጥቁር ፈሳሽም ወደዚሁ እንስሳ ያመለክታል።

በሬቡንጌ የሚነገረው ትውፊት ደግሞ ነገሩን ያሰፋዋል። ያውሺኬፕ የተባለው ግዙፍ ቀይ ሸረሪት አገሩን ባጠፋ ጊዜ፥ ሕዝቡ ቢጸልይ የባሕሩ ሬፑን ካሙይ ሰምቶ ሸረሪቱን ወደ ባሕር ሳበው፤ ኦክቶፐስም አደረገው። እንግዲህ አደጋው ስፍራ ተሰጠው እንጂ አልጠፋም፤ ዓሣ አጥማጁም ወደዚያ ሲቀዝፍ የሌላ ባለቤት ወዳለበት ግዛት መግባቱን ያውቃል። ቺሪ ዩኪዬ ሰብስባ በተረጐመቻቸው፥ በ1923 እ.ኤ.አ. በታተሙት 13 መዝሙሮች ውስጥ ካሙዮች ስለ ራሳቸው በራሳቸው አፍ ይናገራሉ፤ ከእነዚህም አንደኛው የባሕሩ ካሙይ ነው። ከባቸለር ትረካ የጐደለው ይህ ከውስጥ የሚሰማ ድምፅ ነው።

ወደ አማርኛ የሚመልስ ተማሪም ከዚሁ ስሕተት ይጠንቀቅ። «አምላክ» ቢል ከልክ በላይ ያገንነዋል፤ «ጭራቅ» ቢል ሰው በላ ያደርገዋል፤ «ውቃቢ» ቢል የእኛን ልማድ ያለብሰዋል። ስለዚህ «ካሙይ» የሚለውን ቃል እንዳለ ጽፎ ፍቺውን ማስከተል ይሻላል።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። ባቸለር መጽሐፉን ያሳተመው፥ አይኑዎችን ወደ እርሻና ወደ ጃፓንኛ ትምህርት የገፋው የ1899 እ.ኤ.አ. ሕግ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ሕጉም እስከ 1997 ድረስ ጸንቶ ቈየ። አፍ መፍቻው ቋንቋ በተዳከመ መጠን የታተመው ቃል ብቸኛ ምስክር ወደ መኾን ይቀርባል፤ ምስክሩ ሲሳሳትም የሚያርመው ሰው ያንሳል።