36 ሰከንድ

አንድ የስፌት ላይን በ8 ሰዓት 800 ሸሚዝ እንዲያወጣ ታርጌት ከተሰጠው፣ በየ36 ሰከንዱ አንድ ያለቀ ሸሚዝ ከላይኑ ጫፍ መውጣት አለበት። ኪስ የምትሰፋውም፣ እጅጌ የምታያይዘውም፣ ኮሌታ የምትገጥመውም የምትለካው በዚሁ 36 ሰከንድ ነው። ኮሌታ መግጠም 50 ሰከንድ ከፈጀ ሌሎቹ የፈለገውን ያህል ቢፈጥኑ ለውጥ የለውም። ከኮሌታዋ ልጅ በፊት ሥራ ይከመራል፣ ከእሷ በኋላ ያሉት ደግሞ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ኦፕሬተር ሆኜ ጀምሬ ዛሬ ላይን እመራለሁ፤ ሥራዬ ይህን ክምር ማፍረስ ነው።

ስለ ፈጠራ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ዲዛይነሩን ነው። እርግጥ ነው፣ የሸሚዙን ቅድ፣ ቀለሙን፣ የቁልፉን ዓይነት ሳይቀር የሚወስነው ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ነው። እኛ ዘንድ የሚደርሰው የጸደቀ ሳምፕልና የልኬት ሰንጠረዥ ነው፤ ከዚያ ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር መቀነስም ሆነ መጨመር አይፈቀድልንም። በዚህ ምክንያት ፋብሪካ ውስጥ ፈጠራ የለም የሚሉ አሉ፣ በሙያው ውስጥ ያሉ ሳይቀሩ። እኔ አልስማማም። ሸሚዙ ምን መምሰል እንዳለበት ተወስኖ ይመጣል፤ እጅ በምን መንገድ ተንቀሳቅሶ እዚያ እንደሚደርስ ግን የሚታወቀው መኪናው ላይ በተቀመጠችው ልጅ ነው።

ኮሌታን እንውሰድ። ሁለቱ ጫፎች እኩል መሆን አለባቸው። ጨርቁ ባለመስመር ከሆነ የግራው መስመር ከቀኙ ጋር መመሳሰል አለበት። ከሁሉም የሚከብደው ግን ማጋጠሙ ነው፤ የሸሚዙ አንገት ክብ ሆኖ የተቆረጠ ሲሆን የኮሌታው እግር ወደ ቀጥታ ያደላል፣ ስለዚህ ሁለቱ በመርፌው ሥር ሲገናኙ አንዱ ይለጠጣል፣ ሌላው ይሸበሸባል። አዲስ ኦፕሬተር ይህን ስለምትፈራ በየሁለት ጣት ርቀቱ እያቆመች ታስተካክላለች፤ ያለቀው ኮሌታ ጥሩ ነው፣ ሰከንዱ ግን ሄዷል። የበሰለችው የምትቆመው የትከሻው ስፌት፣ የኋላው መሃልና ሌላኛው ትከሻ ላይ ብቻ ነው። በመካከል ያለውን በጣቷ እየመገበች ትለቀዋለች።

ከበንሳ የመጣች አንዲት ልጅ ደግሞ ከዚህም አለፈች። ከክር ካርቶን ትንሽ ቁራጭ ቆርጣ ከመኪናው እግር አጠገብ በፕላስተር ለጠፈች። ጨርቁ ያችን ተደግፎ ሲገባ የስፌቱ ርቀት ሳይዛነፍ ይሄዳል፣ ዓይኗም ከጠርዙ ተላቆ ወደሚቀጥለው ምልክት ይሻገራል። የሚሰፋውን የጨርቅ እሽግ (ባንድሉን) ደግሞ ከቀኟ ወደ ግራዋ አዞረችው፤ ጨርቁን ለማንሳት መጠምዘዝ ቀረላት። ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሩ ሰዓት ይዞ ሲለካት ከ36 ሰከንድ በታች ገባች፣ የጥራት ተቆጣጣሪውም (ኪውሲ) የሚመልሰው ኮሌታ አጣ። የእኔ ድርሻ ካርቶኗን «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ አለመንቀልና በማግሥቱ ለጎረቤቶቿ እንድታሳይ ጊዜ መስጠት ነበር። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም።

የመፍጠን ግፊቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅም የሙያው አካል ነው። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ከሲዳማ ገጠር፣ ከወላይታና ከአካባቢው በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ወደ ከተማው ገቡ፤ ብዙዎቹ በጋራ በተከራዩት ጠባብ ክፍል እየኖሩ ሥራውን ለመዱ። የምንሰፋው ጨርቅ በአብዛኛው ከእስያ በባሕር ተጉዞ ጅቡቲ ይራገፋል፤ ከዚያ በጭነት መኪና አገር አቋርጦ ሐዋሳ ይደርሳል። ጨርቁ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ሸሚዙ የሚጫንበት ቀን ሁለት ሳምንት አይገፋም። የጠፋው ጊዜ የሚፈለገው ከስፌት ነው። በመርከብ ካልደረሰ በአውሮፕላን ይላካል፣ የአውሮፕላኑ ሂሳብ ደግሞ የትእዛዙን ትርፍ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ገዢው ማናጀሩን፣ ማናጀሩ ሱፐርቫይዘሩን፣ ሱፐርቫይዘሩ ኦፕሬተሯን ያጣድፋል። ከኦፕሬተሯ በታች የሚያጣድፉት ሰው የለም።

የመሪ ማንነት የሚለየው እዚያ ላይ ነው። የተጮኸባት ልጅ ለጥቂት ደቂቃ ትፈጥናለች። ቀጥሎ ስፌቷ ይዘላል፣ ሸሚዙ ከኪውሲ ይመለሳል፤ የተመለሰን ስፌት ፈትቶ ደግሞ መስፋት ከመጀመሪያው ሥራ ይበልጣል። የአንድ ሸሚዝ ሥራ ወደ 20 ደቂቃ ነው ብንል፣ 800ውን ለማውጣት ሁሉም በሙሉ አቅሙ ቢሠራ 34 ሰው ይበቃል። ኢፊሸንሲው 50 በመቶ ከሆነ 67 ሰው ያስፈልጋል። በ34ና በ67 መካከል ያለውን ልዩነት ጩኸት ሲያጠበው አላየሁም።

የሚያጠበው ቆም ብሎ ችግሩን ማየት ነው። ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ያጠናቀቀው የሽመና መኪና ክር ሲበጠስ ራሱን ያቆም ነበር። ችግር ሲታይ መስመሩን ማቆም የሚለው የቶዮታ የመኪና ፋብሪካዎች አሠራር የተወለደው ከዚያ፣ ማለትም ከእኛው ከጨርቅ ሙያ ነው። እኔ ላይን ላይ ኦፕሬተር እጇን ስታነሳ የምጠይቃት «ምን አየሽ?» ብዬ ነው። አማርኛ የሚከብዳት ካለች በሲዳሙ አፎ ወይም በወላይትኛ የምታስረዳልኝ ጓደኛ አጠገቧ አስቀምጣለሁ፤ በሦስተኛ ሰው በኩል የሚደርሰኝ ሐሳብም ቢሆን ከዝምታ ይሻላል።

ሰውን ማወቅም የመሪ ሥራ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ቀኑ የሚቆረጠው ሰማይ አይተው በሚያሰሉ አያንቶዎች ነው፤ በግድግዳ ካላንደር ላይ አስቀድሞ ታትሞ አይገኝም። በዓሉ ሲደርስ ልጆቹ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ። ይህን የማያውቅ ሥራ አስኪያጅ «መቅረት» ብሎ ይመዘግበዋል፤ የሚያውቅ መሪ ግን ከባዱን ስታይል አስቀድሞ ይጨርሳል።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የቀረጥ ነፃ ንግድ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ታገደች፤ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው የወንዶች የጥጥ ሸሚዝ አሜሪካ ሲደርስ ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ቀረጥ ተደቀነበት። በዚያ ሰሞን ላይን መምራት በጣም ከባድ ነበር። ስለ ትእዛዝ የሰማሁትን ጠዋት ጠዋት ሳልደብቅ እነግራቸው ነበር፤ የሚለቁትን በሰላም ሸኘሁ፣ የቆዩት ለምን እንደቆዩ አውቀው ቆዩ። ከዚያ የመጡት ትእዛዞች ብዛታቸው ያነሰ፣ ስታይላቸው ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር ነበር። አንድ ነገር ብቻ እየደጋገሙ የኖሩ ላይኖች በየቅያሪው ይንገዳገዱ ነበር። ራሳቸው ዘዴ መፈለግ የለመዱት ልጆች ግን አዲሱን ሳምፕል ገልብጠው አይተው፣ ተነጋግረው፣ በቶሎ ይነሱ ነበር።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት በ2011 ዓ.ም. ስለ ሐዋሳው ፓርክ ባወጣው ጥናት መሠረት የኦፕሬተር መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፣ ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። ይህ የእጅ ዋጋ ነው፤ ያውም ያነሰ። የካርቶኗ ሐሳብ ግን ምንም አልተከፈለበትም፣ በየትኛውም ሪፖርት ላይም የልጅቷ ስም የለም።

ለፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ታርጌትና ኢፊሸንሲ በሚጻፍበት የላይን ቦርድ ላይ አንድ አምድ ጨምሩ፤ አዲስ ዘዴ ያገኘችው ኦፕሬተር ስሟ ይጻፍበት፣ ዘዴዋ ላተረፈው ሰከንድም ከወር ደመወዟ ጋር ይከፈላት። ቀጣዩን ሱፐርቫይዘር ስትፈልጉም መጀመሪያ እዚያ አምድ ላይ ያሉትን ስሞች አንብቡ።